በከፍታ ላይ የኦክስጅን መቶኛ ካልቀነሰ የደማችን ኦክስጅን ለምን ይቀንሳል?

የማታ ተማሪ

ሰላም ለሁላችሁ። በቅርቡ በአውሮፕላን ስጓዝ ያየሁት ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለኝ፣ በጉዳዩ ላይ እውቀቱ ያላችሁ እንድታብራሩልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። በጉዞው መካከል ውሃዬን ጠጥቼ ስጨርስ የባዶውን የፕላስቲክ ጠርሙስ ክዳን አጥብቄ ዘጋሁና ከፊት ለፊቴ ባለው የወንበር ኪስ ውስጥ አስገባሁት። አውሮፕላኑ መውረድ ሲጀምር ጠርሙሱ ማንም ሳይነካው ይንቋቋ ጀመር፤ መሬት ስንነካ ጎኑ ወደ ውስጥ ሰርጉዶ ሰው በእጁ የጨመቀው ይመስል ነበር። አጠገቤ የተቀመጡት እናቴ በሐኪም ምክር የሚይዙት፣ ጣት ላይ የሚደረግ የኦክስጅን መለኪያ ስላላቸው በእሱም ሞከርኩ። ከመነሳታችን በፊት ለእኔ 98 ያሳየው መለኪያ ከደመና በላይ ከወጣን በኋላ 92 አሳየ፤ የእናቴ ደግሞ ከ95 ወደ 88 ወረደ። ሁለታችንም ግን ምንም የተለየ ነገር አልተሰማንም።

ያልገባኝ ይህ ነው። አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ከባሕር ጠለል ጀምሮ እስከ ረጅሙ ተራራ ጫፍ ድረስ 21 በመቶ ገደማ ሆኖ እንደሚዘልቅ ተምሬአለሁ። መቶኛው ካልተለወጠ የደሜ ኦክስጅን ለምን ቀነሰ? አየሩ ስለሚሳሳ ሳንባዬ በሚገባ ሳይሞላ ቀርቶ ነው? ወይስ ግፊቱ በአየርና በደም መካከል የሚሠራው ሌላ ሥራ አለ? የግፊት ማነስ የሚጎዳን ከሆነስ፣ ወደ ጥልቅ ውሃ የሚወርድ ሰው ግፊቱ ሲጨምርለት ይጠቀማል ማለት ነው?

አንድ አንባቢ

እኔ እንደሚገባኝ ሳንባ እንደ ፊኛ ነው። በባሕር ጠለል ላይ ያለው ከባድ አየር ራሱ እየገፋ ወደ ሳንባችን ይገባል፤ ከፍታ ላይ ግን የሚገፋው ኃይል ስለሚደክም ፊኛው ግማሽ ድረስ ብቻ ይሞላል። ትንፋሽ የሚያጥረን ለዚህ ይመስለኛል።

የፊዚዮሎጂ መምህር

ከላይ የተሰጠው መልስ ብዙ ሰው የሚያምንበት ስለሆነ ከእሱ ብጀምር ይሻላል፤ መልሱን የሰጡት ወንድማችንም ቅር እንደማይሰኙ ተስፋ አደርጋለሁ። ጠያቂው በአንድ ቃል «ግፊት» ያሉት ነገር በሰውነታችን ውስጥ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች አሉት። አንደኛው አየርን ወደ ሳንባ የሚያስገባውና የሚያስወጣው ነው፤ ሁለተኛው ኦክስጅንን ከሳንባ ወደ ደም፣ ከደም ወደ ሕዋስ የሚያሻግረው ነው። በከፍታ ላይ የሚጎድለን ሁለተኛው እንጂ የመጀመሪያው አይደለም።

የመጀመሪያውን እንይ። ድያፍራም፣ ማለትም ከሳንባ በታች ያለው የመተንፈሻ ጡንቻ፣ ወደ ታች ሲሳብና ጎድኖች ወደ ላይና ወደ ውጭ ሲከፈቱ የደረታችን ውስጥ ይሰፋል። ቦይል በ1662 እንዳሳየው አንድ የተወሰነ ጋዝ የያዘው ቦታ ሲሰፋ ግፊቱ ይቀንሳል፤ ስለዚህ በሳንባ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ጥቂት ዝቅ ይልና አየር ይገባል። ይህ ልዩነት እንዴት ያለ ትንሽ እንደሆነ ብዙ ሰው አይገምትም። በባሕር ጠለል የአየሩ ግፊት 760 ሚሊሜትር ሜርኩሪ (የግፊት መለኪያ አሃድ ነው፤ ከዚህ በኋላ የምጠራቸው የግፊት ቁጥሮችም በዚሁ ናቸው) ሲሆን፣ በዕረፍት ላይ ያለ ሰው አንድ ትንፋሽ ለመሳብ የሚያስፈልገው ልዩነት ወደ 1 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ዋናው ነጥብ ልዩነቱ መሆኑን ያስተውሉ። ተራራ ላይ ወጥተን የውጭው ግፊት 400 ቢሆን፣ በሳንባችን ውስጥ ያለውም 400 ነው፤ ድያፍራሙም እንደ ወትሮው 399 አድርጎት አየሩን ይስባል። ግማሽ ሊትር የሚተነፍስ ሰው እዚያም ግማሽ ሊትር ይተነፍሳል። እንዲያውም የሳሳ አየር በአየር ቧንቧ ውስጥ ሲፈስ የሚገጥመው መከልከል ያነሰ ነው። ሳንባው ይሞላል፤ በሞላው ግማሽ ሊትር ውስጥ የሚገኙት የኦክስጅን ሞለኪዩሎች ግን ጥቂት ናቸው።

ወደ ሁለተኛው እንለፍ። ዳልተን በ1801 እንዳስረዳው በጋዞች ድብልቅ ውስጥ እያንዳንዱ ጋዝ ሌሎቹ እንደሌሉ ሆኖ የራሱን ግፊት ያሳድራል፤ ይህን ከፊል ግፊት እንለዋለን። ከ760 ውስጥ 21 በመቶው የኦክስጅን ስለሆነ የኦክስጅን ከፊል ግፊት ወደ 160 ይሆናል። የአየሩ ግፊት በግማሽ በሚቀንስበት በ5500 ሜትር ከፍታ ደግሞ መቶኛው ያው 21 ሆኖ ሳለ ከፊል ግፊቱ 80 ብቻ ነው። መቶኛ ድርሻን ይነግረናል፤ ስንት ሞለኪዩሎች የሳንባን ግድግዳ እየመቱ እንዳሉ ግን አይነግረንም። ኦክስጅን ደግሞ ወደ ደም የሚሻገረው በዚህ ምት ነው፤ የሚጎትተው፣ የሚመርጠው ወይም የሚጭነው ሌላ ኃይል የለም።

ይህን የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር አጥብቄ የጻፍኩት በምክንያት ነው። ታላቁ የዴንማርክ ፊዚዮሎጂስት ክርስቲያን ቦር ሳንባ ኦክስጅንን በራሱ ጉልበት ወደ ደም ያስገባል ብሎ ያምን ነበር። የቦር ተማሪ የነበረው አውጉስት ክሮግ ከባለቤቱ ከማሪ ክሮግ ጋር ሆኖ፣ በሳንባ ከረጢት፣ ማለትም ኦክስጅን ወደ ደም በሚሻገርበት ጥቃቅን የአየር ክፍል፣ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ግፊት ሁልጊዜ በደም ውስጥ ካለው ከፍ ያለ መሆኑን በጥንቃቄ ለክቶ በ1910 አሳተመ። ከከፍተኛ ወደ ዝቅተኛ መሰራጨቱ፣ ማለትም ዲፊውዥን፣ ብቻውን በቂ ምክንያት ሆኖ ተገኘ። አንድ ተማሪ የሚያከብረውን መምህሩን በልኬት እንዲህ ማረሙ ለእኔ ሁልጊዜ ልብ የሚነካ ታሪክ ነው።

እንግዲህ የኦክስጅንን ጉዞ ከውጭ አየር እስከ ሕዋስ ድረስ ከደረጃ ወደ ደረጃ እንደሚወርድ ውሃ አድርገው ያስቡት። ውጭ ወደ 160 የነበረው አየር በአፍንጫና በጉሮሮ ሲያልፍ ይሞቃል፣ ይረጥባልም። በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የውሃ ተን ራሱ 47 ሚሊሜትር የሚሆን ቦታ ይወስዳል፤ ከ760 ላይ 47 ቀንሰን የቀረውን በ21 በመቶ ስናበዛው 150 እናገኛለን። ሳንባ ከረጢቶች ውስጥ ሲደርስ ደግሞ ከደም እየወጣ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀላቀለዋል፣ ደሙም ኦክስጅኑን ያለማቋረጥ ይወስዳል፤ በዚህ ምክንያት ከረጢቱ ውስጥ ያለው ወደ 100 ይወርዳል። ከሰውነት ዞሮ የሚመለሰው ደም የኦክስጅን ግፊቱ 40 ነው። የ60 ልዩነት አለ ማለት ነው። አየሩንና ደሙን የሚለያቸው ግድግዳ ከአንድ ሚሊሜትር ሺህኛ እጅ የሚያንስ በመሆኑ፣ አንድ ቀይ የደም ሕዋስ በከረጢቱ ዙሪያ ባለው ቀጭን የደም ሥር ውስጥ ከሚያሳልፈው ሦስት አራተኛ ሰከንድ ውስጥ በመጀመሪያው ሩብ ሰከንድ ገደማ ይሞላል። ቀሪው ጊዜ ትርፍ ነው፤ ስንሮጥና ደሙ ሲፈጥን የሚያተርፈን ይህ ነው።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ በተቃራኒው ይጓዛል፤ 46 ሆኖ መጥቶ ከረጢቱ ውስጥ 40 ያገኛል። የ6 ልዩነት ብቻ የሚበቃው በፈሳሽ ውስጥ የመሟሟት ችሎታው ከኦክስጅን 20 ጊዜ እጥፍ በላይ ስለሆነ ነው።

አሁን ይህ ሁሉ በእውን ምን ያህል ልዩነት እንደሚያመጣ ሁለት ሰዎችን ጎን ለጎን አስቀምጬ ላሳይ። አንዱ የኤቨረስት ጫፍ ላይ፣ ከባሕር ጠለል 8849 ሜትር ከፍታ ላይ ቆሟል። በ1981 በዚያ ጫፍ ላይ የተለካው የአየር ግፊት 253 ሚሊሜትር ነበር። ከዚህ የውሃውን ተን 47 ቀንሰን በ21 በመቶ ስናበዛ፣ የሚስበው አየር የኦክስጅን ግፊት 43 ብቻ ሆኖ እናገኘዋለን። ሌላው ሰው በ1969 ጨረቃ ላይ የሚራመደው የጠፈር ተጓዥ ነው። በልብሱ ውስጥ ያለው ጠቅላላ ግፊት ወደ 190 ብቻ ነው፤ ከኤቨረስት ጫፍም ያንሳል። የሚተነፍሰው ግን ንጹሕ ኦክስጅን ነው። ከ190 ላይ 47 የውሃ ተን፣ ከዚያ 40 ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስንቀንስ 103 ይቀራል፤ ይህም እኔና እርስዎ ባሕር ዳርቻ ቆመን በሳንባችን ውስጥ ከምናገኘው ጋር እኩል ነው። ጠቅላላ ግፊቱ የበለጠለት ተራራ ወጪ ትንፋሹ ሲቆራረጥ፣ ያነሰለት የጠፈር ተጓዥ ድንጋይ እየሰበሰበ ይሠራል።

ተራራ ወጪው በሕይወት የሚቆይበት መንገድም አስደናቂ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ እንደ ወትሮው 40 ቢሆን ኖሮ በከረጢቶቹ ውስጥ ለኦክስጅን ምንም ቦታ አይቀርም ነበር። ስለዚህ ሰውነቱ እጅግ ፈጥኖና አብዝቶ በመተንፈስ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ጠራርጎ ወደ 7 ወይም 8 ያወርደዋል፤ በዚህም የኦክስጅኑን ግፊት ወደ 35 ከፍ ያደርገዋል። ራይንሆልድ ሜስነርና ፒተር ሃበለር በ1978 ያለ ተጨማሪ ኦክስጅን እዚያ ጫፍ ላይ ከመድረሳቸው በፊት ይህ ለሰው ልጅ የማይቻል ነው ብለው የሚከራከሩ ብዙዎች ነበሩ።

የሰመመን ባለሙያ

የመምህሩ ማብራሪያ በቂ ስለሆነ እኔ መለኪያው ያሳየው 92 እና 88 ላይ ብቻ ላተኩር፤ በየቀኑ የምኖረው ከእነዚህ ቁጥሮች ጋር ነውና።

በመጀመሪያ፣ ጣት ላይ የሚደረገው መለኪያ ግፊትን አይለካም። በደምዎ ውስጥ ኦክስጅንን ከሚሸከሙት ሄሞግሎቢኖች ስንት በመቶው ኦክስጅን እንደያዙ ብቻ ነው የሚገምተው። በግፊቱና በዚህ ሙሌት መካከል ያለው ግንኙነት ደግሞ ቀጥ ያለ መስመር አይደለም። ግፊቱ 100 ሲሆን ሙሌቱ ወደ 97 ወይም 98 ነው። ግፊቱ ወደ 60 ቢወርድ፣ ማለትም ወደ ግማሽ ሊጠጋ ቢቀንስ፣ ሙሌቱ ገና 90 አካባቢ ነው። ከዚያ በታች ግን ቁልቁለቱ ይጀምራል፤ በ40 ላይ 75፣ በ27 ላይ 50 ይሆናል። ከላይ ሜዳ፣ ከታች ገደል ነው።

የአውሮፕላን ውስጥ አየር የሚጠበቀው በባሕር ጠለል ግፊት አይደለም፤ ቢበዛ 2400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለን ሆኖ ነው፤ ይህም ወደ 565 ሚሊሜትር ይሆናል። መምህሩ ባሳዩት ስሌት፣ ከ565 ላይ 47 ተቀንሶ በ21 በመቶ ሲበዛ 109 ገደማ ይመጣል፤ የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ድርሻ ሲወጣለት በከረጢቶቹ ውስጥ ከ60 ትንሽ ከፍ ያለ ይቀራል። በሜዳው ዳርቻ ላይ ቆመዋል ማለት ነው። ስለዚህ 92 የሚጠበቅ ቁጥር ነው፤ መለኪያዎ አልተሳሳተም።

ይህን ሜዳና ገደል በዓይኔ ሳይሆን በጆሮዬ ነው የማውቀው። አንድን ሕመምተኛ ከማደንዘዛችን በፊት ጭንብሉን ፊቱ ላይ አድርገን ለሦስት ደቂቃ ያህል ንጹሕ ኦክስጅን እንዲተነፍስ እናደርጋለን። ዓላማው በሳንባው ውስጥ የተቀመጠውን ናይትሮጅን አጥቦ ማስወጣትና ቦታውን በኦክስጅን መተካት ነው፤ በዚህ መንገድ ከተነፈሰ በኋላ በሳንባ ውስጥ የሚቀረው ከ2 ሊትር በላይ የሆነ ማከማቻ ሁሉ ኦክስጅን ይሆናል። ሰውነት በዕረፍት ጊዜ በደቂቃ ሩብ ሊትር ገደማ ስለሚጠቀም፣ ትንፋሹ ከቆመ በኋላ ጤነኛ ሰው ለበርካታ ደቂቃዎች ይቆያል። መቆጣጠሪያ መሣሪያው በእያንዳንዱ የልብ ምት ድምፅ ያሰማል፤ ሙሌቱ ሲወርድ ድምፁም ይወፍራል። የመተንፈሻ ቱቦውን ለማስገባት አጎንብሼ ስሠራ ድምፁ ለደቂቃዎች ቀጭንና አንድ ዓይነት ሆኖ ይቆያል፤ በውስጥ ግን ግፊቱ ከ500 ወደ 300፣ ወደ 100 እየወረደ ነው። ድምፁ መወፈር ከጀመረ በኋላ ያለው ጊዜ አጭር ነው፤ 92 ሲል ቀና ብዬ ሳልጨርስ 80 ይላል። ለተማሪዎቼ የምነግራቸው፣ ሙሌቱ ዝም ያለው ግፊቱ ስላልወረደ እንዳልሆነ ነው።

ሁለተኛ፣ «ምንም አልተሰማንም» ያሉት ነገር በብርቱ ሊታሰብበት ይገባል። የመተንፈስ ፍላጎታችንን በዋናነት የሚቆጣጠረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንጂ ኦክስጅን አይደለም። በአንገታችን ደም ቅዳዎች አጠገብ ያሉት የኦክስጅን ጠባቂዎች አጥብቀው የሚጮኹት ግፊቱ ከ60 በታች ሲወርድ ነው። በ1875 ዜኒት በተባለ ባሉን ከ8000 ሜትር በላይ የወጡ ሦስት ፈረንሳውያን ኦክስጅን የያዙ ከረጢቶች አጠገባቸው ሳሉ ራሳቸውን ሳቱ፤ ሁለቱ ሞቱ። በሕይወት የተረፈው ጋስቶን ቲሳንዲዬ በዚያ ሰዓት ሕመም ሳይሆን ደስታ ይሰማው እንደነበረ ጽፏል። የኦክስጅን ግፊት መውደቅ አስቀድሞ የሚወስደው ማስተዋልን ስለሆነ፣ ሰው አደጋውን በራሱ ስሜት ሊለካ አይችልም።

ሦስተኛ፣ ግፊትና መጠን አንድ እንዳልሆኑ የሚያሳይ ክፉ ምሳሌ አለ። ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ እጥፍ በላይ ነው። የተመረዘው ሰው በሳንባው ውስጥ ያለው የኦክስጅን ግፊት 100 ነው፤ በደሙ ፈሳሽ ውስጥ ያለውም ከሞላ ጎደል ያው ነው። ግፊቱ አለ፤ የሚሸከመው ግን ተይዟል። ተራው የጣት መለኪያም ኦክስጅን የያዘውንና ካርቦን ሞኖክሳይድ የያዘውን ሄሞግሎቢን ለይቶ ስለማያውቅ 98 እያለ ያታልላል። እባካችሁ እንዲህ ባለ ሁኔታ ራሱን ያመመው ወይም የደከመው ሰው ካጋጠማችሁ በቁጥሩ አትመኑ፤ ወደ ንጹሕ አየር አውጡት፣ ወደ ሕክምናም አድርሱት።

የማታ ተማሪ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ይህን ያህል እማራለሁ ብዬ አልጠበቅሁም። ሁለት ነገር ልጨምር። እናቴ መሬት ላይ እያሉም ከ95 አይበልጡም፣ የቆየ የሳንባ ሕመም አለባቸው። ለእሳቸው 88 ምን ማለት ነው? ደግሞም በሆስፒታል በግፊት የሚነፋ መሣሪያ ጭንብል የተደረገላቸው ሰዎች አይቻለሁ፤ እዚያ ላይ የሚጨመረው የትኛው ግፊት ነው?

የሰመመን ባለሙያ

ስለ እናትዎ እንዲህ በጽሑፍ መፍረድ አልችልም፤ የሚከታተሏቸውን ሐኪም ከሚቀጥለው በረራ በፊት ማማከር ይገባል። ምክንያቱን ግን ላስረዳ። እርስዎ ከሜዳው መካከል ተነሥተው ዳርቻው ላይ ደረሱ፤ እናትዎ ከዳርቻው አጠገብ ስለተነሡ ያው የግፊት መቀነስ ወደ ቁልቁለቱ አስገባቸው። በአውሮፕላን ውስጥ ያለውን ሁኔታ መሬት ላይ ሆኖ አስቀድሞ መፈተን ይቻላል፤ በባሕር ጠለል ላይ 15 በመቶ ኦክስጅን ያለው አየር መተንፈስ በ2400 ሜትር ከፍታ ተራውን አየር ከመተንፈስ ጋር የሚተካከል ነው። የሳንባ ሐኪሞች ሕመምተኛውን ይህን አየር እያስተነፈሱ ሙሌቱን ያያሉ፤ አስፈላጊ ሆኖ ሲገኝም በበረራ ላይ ኦክስጅን እንዲሰጠው ያዝዛሉ።

ሁለተኛው ጥያቄዎ በጣም ጥሩ ነው፤ እዚያ ሁለቱም ዓይነት ግፊቶች ይገናኛሉ። 21 በመቶውን ወደ 40 በመቶ ስናሳድግ የሚሳበው ኦክስጅን ከፊል ግፊት ከ150 ወደ 285 ያድጋል። ነገር ግን አንዳንድ ከረጢቶች በፈሳሽ ከሞሉ ወይም ከተጣበቁ፣ በእነሱ ዙሪያ የሚያልፈው ደም አየር ሳያገኝ ይመለሳል፤ ንጹሕ ኦክስጅን ብንሰጥም ወደ ተዘጋ ክፍል አይደርስም። በዚያ ጊዜ የሚያስፈልገው የተዘጉትን ከረጢቶች ከፍቶ የሚይዝ ተጨማሪ የአየር ግፊት ነው። መሣሪያው የሚጨምረው ይህን ነው፤ መጠኑም በሴንቲሜትር ውሃ የሚለካ፣ ከ5 እስከ 10 ገደማ የሆነ ትንሽ ግፊት ነው። ከከባቢ አየሩ ጋር ሲነጻጸር ከመቶ አንድ እጅ ያህል ቢሆን ነው፤ ሥራው ግን ሕይወት የሚያተርፍ ነው።

ጠላቂ

ስለ ጥልቅ ውሃ የተነሣው ጥያቄ እስካሁን መልስ ስላላገኘ እኔ ልሞክር፤ ለበርካታ ዓመታት በአየር ጋን እየጠለቅሁ ኖሬአለሁ።

በባሕር ውስጥ በየ10 ሜትሩ አንድ የከባቢ አየር ግፊት ይጨመራል። በ10 ሜትር ሁለት፣ በ30 ሜትር አራት ይሆናል። መምህሩ አንድ ትንፋሽ ለመሳብ 1 ሚሊሜትር ልዩነት ይበቃል ብለዋል፤ ይህ ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። አንድ ሜትር ጥልቀት ላይ ሆነው ጫፉ ከውሃው በላይ በወጣ ረጅም ቱቦ ሊተነፍሱ ቢሞክሩ፣ ደረትዎን ውጭ የሚጫነው ውሃ ከቱቦው አየር በ76 ሚሊሜትር ይበልጣል። ይህ የጤነኛ ሰው የመተንፈሻ ጡንቻዎች በሙሉ ኃይላቸው ሊያመጡ ከሚችሉት ጋር የሚቀራረብ ነው፤ አንዴ ቢችሉ ሁለተኛውን አይችሉም። ስለዚህ በአፋችን የምንይዘው መሣሪያ ከጋኑ የሚመጣውን አየር ልክ በዙሪያችን ባለው የውሃ ግፊት ያህል አድርጎ ይሰጠናል።

መፍትሔው ግን ሌላ ጉዳይ ያመጣል፤ የእያንዳንዱ ጋዝ ከፊል ግፊት አብሮ ያድጋል። በ30 ሜትር ላይ የምስበው ተራ አየር የኦክስጅን ግፊቱ ከ600 ሚሊሜትር በላይ ነው። ይጠቅመኛል? እምብዛም። ሄሞግሎቢኔ ከመነሻውም 98 በመቶ ሞልቷልና የሚጨመረው በደሙ ፈሳሽ ውስጥ የሚሟሟው ጥቂት ብቻ ነው። ጉዳቱ ግን እውነተኛ ነው። የኦክስጅን ከፊል ግፊት ከ1.6 ከባቢ አየር ሲያልፍ አእምሮን ይመርዛል፣ ያለ ማስጠንቀቂያ የሚጥል መንቀጥቀጥ ያስከትላል፤ በተራ አየር ይህ የሚደርሰው 66 ሜትር አካባቢ ነው። ናይትሮጅኑም ከ30 ሜትር ጥልቀት ጀምሮ እንደ ስካር ያለ ስሜት ይጀምራል። ደግሞም ሄንሪ በ1803 እንዳሳየው ጋዝ በፈሳሽ ውስጥ የሚሟሟው በግፊቱ ልክ ስለሆነ፣ በቆይታዬ ወደ ሰውነቴ የገባው ናይትሮጅን ቀስ ብዬ ካልወጣሁ በደሜና በመገጣጠሚያዎቼ ውስጥ አረፋ ይሆናል።

ሆኖም ከሁሉ በላይ እንዲታወቅ የምፈልገው ያለ ጋን፣ ትንፋሻቸውን ይዘው ለሚጠልቁ ሰዎች የሚሆነውን ነው። ከታች ሲሆኑ በሳንባቸው ያለው አየር ስለሚጨመቅ የኦክስጅኑ ከፊል ግፊት ከፍ ብሎ ይቆያል፤ ደኅና ነኝ ብለው ይቆያሉ። በ20 ሜትር፣ ማለትም በሦስት ከባቢ አየር ላይ፣ የኦክስጅኑ ግፊት 90 እስኪሆን ድረስ ቆዩ እንበል፤ ይህ ለአእምሮ በቂ ነው። ወደ ላይ ሲወጡ ግን ግፊቱ ለሦስት ይከፈላል፤ 90 የነበረው 30 ይሆናል። ራሳቸውን የሚስቱት ከታች ሳይሆን ወደ ውሃው ገጽ ሲቃረቡ፣ ብርሃኑን እያዩ ነው። ከመጥለቃቸው በፊት ደጋግመው በፍጥነት የሚተነፍሱ ሰዎች ደግሞ አደጋውን ያባብሱታል፤ በሄሞግሎቢናቸው ላይ የሚጨምሩት ኦክስጅን ከቁጥር የማይገባ ሲሆን፣ «ተንፍስ» ብሎ የሚያስጨንቃቸውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን አጥበው ያስወጡታል። ማንቂያውን አጥፍተው ይወርዳሉ። በመዋኛ ገንዳ ውስጥም ቢሆን ልጆቻችሁ እንዲህ ሲያደርጉ ካያችሁ አስቁሟቸው።

የማታ ተማሪ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የእናቴን ጉዳይ ለሐኪማቸው ለመንገር ቀጠሮ ይዣለሁ። ጠርሙሱን እስካሁን ሳልከፍተው አቆይቼው ስለነበር ደግሞ ትናንት ማታ አንድ ነገር ሞከርኩ። የተጨራመተውን ጠርሙስ እስከ አፉ በሞላ ዕቃ ውስጥ አጥልቄ የፈሰሰውን ውሃ ለካሁ፤ 395 ሚሊሊትር ሆነ። ከዚያ ክዳኑን ስከፍተው አየር በፉጨት ገባ፤ ቅርጹ ተመልሶ ስለካው 520 ሆነ። ያረፍነው በባሕር ጠለል ላይ ባለ ከተማ ስለነበረ፣ 395ን ለ520 አካፍዬ በ760 ሳበዛው 577 አገኘሁ። የተነገረኝ 565 ነበር። ስሕተቱ ከአለካኬ ነው?

የፊዚዮሎጂ መምህር

አለካክዎ ሸጋ ነው፤ ከአንድ ነገር በቀር የጎደለው የለም። የጠርሙሱ ግድግዳ ለመታጠፍ እምቢ ስለሚል የውጭው አየር የፈለገውን ያህል ሊጨምቀው አይችልም፤ ስለዚህ ካረፋችሁ በኋላም በውስጡ የነበረው ግፊት ከ760 ጥቂት ያነሰ ነበር። ሲከፍቱት የሰሙት ፉጨት ይህ ልዩነት ነው። በ760 ፈንታ 745 ቢያስገቡ 566 ያገኛሉ። በሚቀጥለው ጊዜ ግድግዳው ይበልጥ የሳሳ ጠርሙስ ወይም ቀጭን የፕላስቲክ ከረጢት ይጠቀሙ፤ ውጤቱን እዚህ ቢያሰፍሩልን ደስ ይለኛል።